ዕድሜያቸው ለገፋ ጀማሪዎች፦ አማርኛን በስልክና በኮምፒውተር የመተየብ መመሪያ

ፊደል የቆጠረ ሰው አማርኛ መተየብን ሲጀምር ከባዶ አይነሳም። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ» እያለ በዜማ የተማረም ሆነ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በማታ ክፍል ፊደል የለየ ሰው፣ የአማርኛ ኪቦርዶች የቆሙበትን ሥርዓት ከብዙ ዓመት በፊት በቃሉ ይዞታል። ከዛሬዎቹ ወጣቶች ብዙዎቹ ጣታቸው እጅግ ፈጣን ቢሆንም «የጠ ኃምስ የትኛው ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ያመነታሉ፤ አዛውንቱ ግን ሳያስቡ «ጤ» ይላሉ። ከዚህ በታች የማቀርበው መመሪያ በዚህ ነባር ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ጣትንና ዓይንን ብቻ ለአዲሱ መሣሪያ የማለማመድ መንገድ ነው። የሚነበበው በጀማሪው በራሱ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ቢያነብላቸውም ያገለግላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ፣ ቷ እና ኳ ያሉት ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ። በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፎች ግን 26 ብቻ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው የአማርኛ ሆሄ በአንድ ምት አይወጣም፤ መጀመሪያ ዘሩ፣ ቀጥሎ ድምፁ ይመታል። ይህ ችግር ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። በጽሕፈት መኪና ዘመን መፍትሔ ከፈለጉለት ሰዎች መካከል ኢንጂነር አያና ብሩ በቀዳሚነት ስማቸው ይነሳል። በኦሊቬቲ ታይፕ ሲመቱ የኖሩ ጡረተኛ ጸሐፊዎችም የፊደሉን አካል መትቶ ቅጥያውን የማስከተል ልማድ በእጃቸው ላይ ስላለ፣ ለእነርሱ የሁለት ምት አሠራር እንግዳ አይሆንባቸውም። ለእነርሱ የሚከብደው ሌላ ነው፤ የታይፕ ቁልፍ በኃይል ካልተመታ አያትምም፣ የዛሬው ቁልፍ ግን በኃይል ሲመታና ጣት ሲቆይበት ያንኑ ፊደል ደጋግሞ ያወጣል። ጸሐፊ የነበሩ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሠሩበት የሚገባው የእጃቸውን ክብደት መቀነስ ነው።

ከስልክ ይጀመር ወይስ ከኮምፒውተር?

ይህን የሚወስነው መጻፍ የተፈለገው ነገር ነው። ዓላማው አሜሪካ ወይም አረብ አገር ካሉ ልጆች ጋር በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ መጻጻፍ ከሆነ በስልክ መጀመር ይበቃል፤ ስልኩ ከእጅ ስለማይለይ ልምምዱም አይቋረጥም። ዓላማው የሕይወት ታሪክን፣ የዘር ሐረግን፣ የዕድር ቃለ ጉባኤን ወይም ሌላ ረጅም ጽሑፍ ማዘጋጀት ከሆነ ግን ከመጀመሪያው በኮምፒውተር መማርን አጥብቄ እመክራለሁ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥና በስልክ መስታወት ላይ ጣታቸው ጎረቤት ፊደል እየነካ ለሚያስቸግራቸው ሰዎችም እውነተኛ ቁልፎች ያሉት ኪቦርድ ይሻላል፤ ጣት የቁልፉን ጠርዝ ስለሚዳስስ ከመምታቱ በፊት ቦታውን ያረጋግጣል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማስጀመር ግን አይገባም፤ የአንዱ ቦታ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል።

ዓይን፣ ወንበርና ብርሃን

ብዙ አዛውንት «መተየብ አቃተኝ» ብለው የሚተዉት ጣታቸው እምቢ ስላለ ሳይሆን ፊደሉ በደንብ ስላልታያቸው ነው። የንባብ መነጽር የሚሠራው ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ለሚያዝበት ርቀት፣ ማለትም ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የኮምፒውተር ስክሪን የሚቀመጠው ግን ክንድ ተዘርግቶ በሚደርስበት ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ አጥርቶ የሚያሳይ መነጽር ስክሪኑን ሊያደበዝዘው ይችላል። ከታች ለንባብ፣ ከላይ ለሩቅ የተሠራ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ ስክሪኑን በታችኛው ክፍል ለማየት አገጫቸውን ወደ ላይ ስለሚያነሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንገታቸውን ያማቸዋል። እንዲህ ከሆነ ስክሪኑን ዝቅ ማድረግ፣ ካልተቻለም ለዚያ ርቀት የሚሆን ለብቻው መነጽር እንዲያዝላቸው የዓይን ሐኪምን መጠየቅ ይገባል።

ከዚያም ጽሑፉን ማተለቅ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ በሴቲንግ ውስጥ የስክሪኑን ክፍል ከፍቶ የፊደል መጠኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል። የጉግል ኪቦርድ የሆነው ጂቦርድም በራሱ ሴቲንግ ውስጥ የኪቦርዱን ቁመት የሚጨምር ምርጫ አለው፤ ይህ የብዙ ሰው ዓይን የማያርፍበት ቢሆንም ጣቱ ለሚወፍር ወይም ለሚንቀጠቀጥ ሰው ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ነው። እዚያው አካባቢ ቁልፍ ሲነካ ድምፅ እንዲሰማ የሚያደርገውን ምርጫ ክፍት ማድረግም ጥሩ ነው፤ ጆሮ የጣትን ሥራ ያረጋግጣል፣ ሁለት ጊዜ መንካትም ይቀራል።

አቀማመጥን በሚመለከት፣ በኮምፒውተር ሲጻፍ እግር መሬት ይንካ፣ ክርን ከጎን ወደ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ፣ የእጅ አንጓም ሳይሰበር ቀጥ ይበል። ስልክን በአንድ እጅ ይዞ በዚያው እጅ አውራ ጣት መጻፍ የወጣቶች ልማድ ነው፤ ለጀማሪ አዛውንት አይመችም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ወይም ጠንከር ያለ ትራስ ላይ ይቀመጥና በአመልካች ጣት ይጻፍ።

ስልኩን ማሰናዳት

ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ልጅ ወይም ጎረቤት ቢሠራው ምንም ነውር የለውም። ጂቦርድ ባለበት ስልክ ላይ የኪቦርዱን ሴቲንግ፣ ከዚያ ቋንቋዎች የሚለውን ከፍቶ አማርኛን መጨመር ነው። ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ውጭ ሌላ ቋንቋ ተጨምሮ ከተገኘ ይሰረዝ፤ ቋንቋ በበዛ ቁጥር የመቀየሪያውን ቁልፍ የነካ ጀማሪ ወደማያውቀው ፊደል ገብቶ ይደነግጣል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚወስደው የሉል ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው፤ ካልታየም ረጅሙን የስፔስ ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ምርጫውን ያወጣዋል። ይህን መቀያየር ከሁሉ አስቀድሞ አሥር ጊዜ ያህል ወደፊትና ወደኋላ መለማመድ ያስፈልጋል። ኪቦርዱ በድንገት እንግሊዝኛ ሲሆን «ስልኩ ተበላሸ» ብሎ ማስቀመጥ የብዙዎች የመማር መጨረሻ ሲሆን አይቻለሁ፤ መመለሻውን የሚያውቅ ሰው ግን አይፈራም።

ሌሎች የአማርኛ ኪቦርዶችም አሉ፤ ፊንግዕዝና ኪይማን በሰፊው ይታወቃሉ። የትኛውም ቢመረጥ ከስልኩ ኦፊሴላዊ የመተግበሪያ መደብር ብቻ ይጫን። አዲስ ኪቦርድ ሲከፈት ስልኩ «የሚተይቡትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ማስጠንቀቂያው ለሁሉም ኪቦርድ የሚወጣ ስለሆነ በራሱ አያስደነግጥም፤ ነገር ግን ኪቦርድ የጻፉትን ሁሉ የሚያይ መሣሪያ ስለሆነ በቴሌግራም በፋይል የተላከን ወይም ምንጩ ያልታወቀን መጫን አይገባም። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥር ለማንም በመልእክት አይጻፍም፤ ይህን መተየብ በሚማሩበት በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ያሻል፤ መጻፍ የቻለ ሰው ለአጭበርባሪ መልእክትም መልስ መስጠት ይችላልና።

የስልክ ኪቦርዶች በሁለት ዓይነት አሠራር ይሠራሉ። አንደኛው የግዕዙን ፊደል በቁልፉ ላይ ያሳይና ሲነካ ወይም ተጭነው ሲቆዩ ሰባቱን ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ የሚጻፍ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ያለ ጥርጥር የመጀመሪያው ይሰጠው። እንግሊዝኛ የሚያነብና ወደፊት ኮምፒውተር የሚለምድ ከሆነ ግን ሁለተኛው ለሁለቱም ስለሚያገለግል ድካሙን ያሳጥራል።

በመስታወት ላይ ሲጻፍ የሚደርሱ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። ጣት ተጭኖ ሲቆይ ስልኩ ሌላ ምርጫ የተፈለገ መስሎት የፊደላት ዝርዝር ይከፍታል፤ ስለዚህ ንክኪው አጭር መሆን አለበት። ቶሎ ማንሳት ለሚያስቸግረው ሰው በአንድሮይድ ሴቲንግ የተደራሽነት ክፍል ውስጥ ተጭኖ የመቆያውን ጊዜ የሚያረዝም ምርጫ አለ። ሁለተኛው፣ ቆዳ ሲደርቅ መስታወቱ ንክኪውን ላይቀበል ይችላል፤ አንዳንድ እናቶች ደጋግመው ነክተው «አልሰማኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። እጅን ቅባት መቀባት ወይም ጫፉ ጎማ የሆነ የስልክ እስክሪብቶ መግዛት ይረዳል።

የመጀመሪያዎቹ ቃላት

በድምፅ በሚሠሩት ኪቦርዶች ላይ ለጀማሪ እንግዳ የሚሆነው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በፊደል ገበታ ላይ የሚቀድመው ግዕዙ ነው፤ በኪቦርዱ ላይ ግን ቁልፉ ብቻውን ሲመታ የሚወጣው ሳድሱ ነው። «ኤል» የተባለው ቁልፍ ሲመታ ል ይወጣል። ከዚያ «ኢ» ሲከተል ለ፣ «ዩ» ሲከተል ሉ፣ «አይ» ሲከተል ሊ፣ «ኤ» ሲከተል ላ፣ ትልቁ «ኢ» (ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ይዞ የሚመታው) ሲከተል ሌ፣ «ኦ» ሲከተል ደግሞ ሎ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ፊደል የሚጠራበት ስም ከሚሰጠው የአማርኛ ድምፅ ጋር ስለማይገጥም፣ ይህችን ሠንጠረዥ በወፍራም እስክሪብቶ በወረቀት ላይ፣ የቁልፉን ቅርጽ ከአማርኛው ሆሄ ጎን አድርጎ ጽፎ ከስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ያስፈልጋል። ሠንጠረዡ የአንድ ዘር ብቻ ይሁን፤ የለ ሰባት ድምፆች ከተለመዱ የመና የበም በዚያው ይሄዳሉ።

«ሰላም» የሚለውን ቃል በዝግታ እንመልከት። «ኤስ» ሲመታ ስ ይወጣል፤ «ኢ» ሲመታ ያው ስ ዓይን እያየ ወደ ሰ ይለወጣል። «ኤል» ሲመታ ል ከጎኑ ይቆማል፤ «ኤ» ሲከተል ላ ይሆናል። በመጨረሻ «ኤም» አንድ ጊዜ ሲመታ ም ይወጣል፤ ሳድስ ስለሆነ ሌላ ምት አይፈልግም። ሦስት ሆሄ በአምስት ምት ተጻፈ ማለት ነው። ጀማሪው በመካከሉ ስ ወደ ሰ ሲለወጥ ሊያስተውለው ይገባል፤ ብዙ ሰው ስ ሲወጣ «ተሳሳትኩ» ብሎ ወዲያው ያጠፋዋልና፣ አስተማሪው «ቆይ፣ ድምፁን ስጠው» ማለት አለበት።

ቀጥሎ «ጤና ይስጥልኝ» ይምጣ። ይህ ሐረግ የሺፍት ቁልፍን ለመለማመድ የተመቸ ነው፤ ጠ የሚገኘው በትልቁ «ቲ»፣ ኘ ደግሞ በትልቁ «ኤን» ነው። ስለዚህ ጤ ለማግኘት ሺፍትን ይዞ «ቲ»፣ አሁንም ሺፍትን ይዞ «ኢ» ይመታል፤ ና በትንሹ «ኤን» እና «ኤ» ይጻፋል። ከስፔስ በኋላ ያሉት ይ፣ ስ፣ ጥ፣ ል እና ኝ ሁሉም ሳድስ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ጥ እና ኝ ግን ከሺፍት ጋር ናቸው። አማርኛ ሳድስ የሚበዛበት ቋንቋ ስለሆነ ይህ አሠራር ውሎ አድሮ እጅን ያቀላል። ጨ በትልቁ «ሲ»፣ ቸ በትንሹ «ሲ»፣ ቀ በ«ኪው»፣ ሸ ደግሞ በ«ኤክስ» የሚገኙት በብዙዎቹ ላይ ነው፤ ጥቂት ልዩነት እንደ ሶፍትዌሩ ስለሚኖር በመጀመሪያው ቀን የእርስዎ ኪቦርድ እንዴት እንደሚያወጣቸው ሞክሮ በወረቀቱ ላይ መመዝገብ ይገባል።

ከሳድስ ቀጥሎ እ የሚመጣባቸው እንደ «ርእስ» እና «ምእራፍ» ያሉ ቃላት ያስቸግራሉ፤ ሶፍትዌሩ ድምፁን ለር ወይም ለም የተሰጠ መስሎት ያዋህደዋል። ቀላሉ መላ ር ከተጻፈ በኋላ ስፔስ መትቶ እስ ን መጻፍ፣ ከዚያ ተመልሶ ስፔሱን ማጥፋት ነው። ከጊዜ በኋላ ኪቦርዱ ያለውን መለያ ቁልፍ ይለምዱታል።

ስለ ሞክሼ ፊደላትም መናገር ግድ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በትምህርት ቤት ለይተው የተማሩ አዛውንት ኪቦርዱ ላይ ሠ ወይም ኀ ሲጠፋባቸው ይቆጫሉ፤ መቆጨታቸውም ተገቢ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሣህሌ» ወይም «ዓለሙ» የሚባል ሰው የገዛ ስሙን በትክክለኛው ፊደል መጻፍ ሊከለከል አይገባም። ፊደላቱ ሁሉም አሉ። በአንዳንድ ኪቦርድ ያንኑ ቁልፍ ሁለት ጊዜ በመምታት፣ በሌላው በሺፍት፣ በስልክ ላይ ደግሞ ዘመዱን ፊደል ተጭኖ በመቆየት ወይም ለብቻው ካለበት ቦታ በመፈለግ ይገኛሉ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ በአንድ ይፈለጉ፣ በወረቀቱም ላይ ይጨመሩ፤ የመጀመሪያው የፍለጋ ቃል ደግሞ የተማሪው የራሱ ሙሉ ስም ይሁን።

ሥርዓተ ነጥቡ ቀላል ነው። ሁለት ነጥብ የሚያወጣው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲመታ አራት ነጥብ፣ የእንግሊዝኛው ኮማ ነጠላ ሰረዝ፣ ሴሚኮለኑ ድርብ ሰረዝ ይሆናል።

በኮምፒውተር

ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ በውስጡ ስላለው ከሴቲንግ የጊዜና የቋንቋ ክፍል ውስጥ አማርኛን መጨመር ይቻላል። ከሱ ሌላ ኪይማን በነፃ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ፓወር ግዕዝ የተለመደ ነው። ቋንቋ ለመቀየር በዊንዶውስ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ስፔስን መምታት ነው።

በ«ኤፍ» እና በ«ጄ» ቁልፎች ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለ። የሁለቱ እጆች አመልካች ጣቶች ማረፊያቸው እዚያ ነው፤ ሌሎቹ ጣቶች በዚያው ረድፍ ይደረደራሉ፣ አውራ ጣቶች ደግሞ በስፔስ ላይ ያርፋሉ። በአሥር ጣት ሳያዩ መምታት ለታይፒስት ሙያ ያስፈልግ ነበር፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ለሚጀምር ሰው ግን ግዴታ ነው ብዬ አላምንም። በየእጁ ሁለት ሁለት ጣት፣ ከጉብታዎቹ ተነስቶ ወደ ጉብታዎቹ የሚመለስ አመታት ለደብዳቤም ለመጽሐፍም ይበቃል። መገጣጠሚያቸው ለሚያማቸው ሰዎች ትንሿን ጣት በግድ ማሠራት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሺፍትን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መምታት ለሚከብደው ሰው ዊንዶውስ ውስጥ መፍትሔ አለ። ሺፍት በተከታታይ አምስት ጊዜ ሲመታ አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ እሺ ከተባለ ከዚያ ወዲህ ሺፍትን አንድ ጊዜ መትቶ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ፊደሉን መምታት ይቻላል። ጣታቸው ቁልፍ ላይ እየቆየ «ሰሰሰሰ» ለሚወጣባቸው ደግሞ የቀኙን ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት ድግግሞሹን የሚከለክለውን አገልግሎት ያስነሳል። ያልተፈለገ ፊደል በተከታታይ ሲመጣ፣ ለምሳሌ በተ ፈንታ ጠ፣ በነ ፈንታ ኘ ሲወጣ፣ የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቷል ማለት ነው፤ አንዴ ደግሞ መንካት ያጠፋዋል። የተጻፈው ሁሉ በድንገት ከጠፋም ኮንትሮልን ይዞ «ዜድ»ን መምታት ይመልሰዋል። ይህችን አንዲት ዘዴ ያወቀ ሰው ድፍረቱ በግልጽ ይጨምራል።

ከቀድሞ መሥሪያ ቤት በፍላሽ የመጣ የአማርኛ ሰነድ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህ የአንባቢው ጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የየቋንቋው ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ሆኖ እንዲነበብ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ውስጥ ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ይጠቀም ስለነበር፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈ ያንኑ ፎንት ይጠይቃል። አሁን የሚማር ሰው ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ጽሑፉ ቶሮንቶም ሆነ ጎንደር ቢከፈት ያው ሆኖ ይነበባል።

እስራኤል ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በስልካቸው ላይ አማርኛና ዕብራይስጥ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ዕብራይስጥ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ፣ በአንድ መስመር ውስጥ ሲቀላቀሉ ጠቋሚው ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስላል። ለጀማሪው የዕብራይስጡን ቃል፣ ለምሳሌ የመንገድ ወይም የክሊኒክ ስም፣ በአዲስ መስመር ለብቻው መጻፍ ይሻላል።

ልምምዱ

በቀን ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ ይሁን። እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየዕለቱ ጥቂት መንካት የተሻለ ይዘልቃል፤ እጅ የተማረውን የሚያጠነክረው በመካከሉ ባለው ዕረፍትና እንቅልፍ ነውና። ሰዓቱ ከቁርስ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ማታ ዓይንም ይደክማል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል።

ምን ይጻፍ ለሚለው፣ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ድርድሮች መደጋገም ለልጆች የተሠራ ልምምድ ነው፤ አዛውንትን ያሰለቻል። በመጀመሪያው ሳምንት የልጆችና የልጅ ልጆች ስም ይጻፍ። በሁለተኛው ሳምንት በቃል የሚያውቁት ነገር ይምጣ፤ ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙሩን፣ መንዙማ የሚያውቅ ግጥሙን፣ ሌላው የሚወደውን የድሮ ዘፈን ይጻፍ። በቃል የተያዘ ጽሑፍ ወረቀት ማየትን ስለማይፈልግ ዓይን ከኪቦርዱ ወደ ስክሪን ብቻ ይመላለሳል። በተቃራኒው ከመጽሐፍ መገልበጥ ዓይንን ሦስት ቦታ ስለሚያዞር ለኋላ ይቆይ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን እውነተኛ መልእክት ለእውነተኛ ሰው መላክ ይጀመር፤ አንድ መስመርም ቢሆን። መልስ የሚመጣለት ጽሑፍ ከማንኛውም ልምምድ ይበልጥ ጣትን ይጠራል።

በድምፅ ማስጻፍም አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ጋር ስለጨመረ፣ የማይክሮፎኑን ምልክት ነክቶ ሲናገሩ ስልኩ ይጽፋል። እጁ ለሚያመው ሰው ታላቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ስሞችን ያበላሻል፣ ነጥብ አይጨምርም፣ የተሳሳተውን ለማረም ደግሞ ያው ኪቦርድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከመተየብ ጋር እንጂ በመተየብ ፈንታ አይያዝ።

ለሚያስተምሩ ልጆች

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ስልኩን ከእጃቸው እንዳትወስዱ ነው። አባት ሩብ ደቂቃ ሙሉ ቸ ን ሲፈልጉ ማየት ለፈጣን ሰው ይከብዳል፤ ቢሆንም ያ ፍለጋ ራሱ ትምህርቱ ነው፣ ጣታችሁን ጣልቃ ባስገባችሁ ቁጥር ይቋረጣል። «እዚህ ጋ» ብሎ ከማሳየት «ከታችኛው ረድፍ፣ ወደ ቀኝ» ብሎ በቃል መምራት ይሻላል። «ትናንት ነግሬዎት አልነበር?» የሚለው ንግግርም ከቤት ይውጣ።

ሌላው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጽፋችሁ አትላኩላቸው። እናት በአማርኛ ፊደል በጥረት የጻፉት መልእክት መልሱ በላቲን ፊደል ከመጣ ማንበብም ይቸግራቸዋል፣ የደከሙበትም ነገር ከንቱ ይመስላቸዋል። በፊደላችን መልሱላቸው፤ የመልእክታቸውን ስሕተት ከማረማችሁ በፊትም ለጠየቁት ነገር መልስ ስጡ። አስተካክሎ የመጻፉ ነገር ከተነሳ፣ በመልሳችሁ ውስጥ ያንኑ ቃል በትክክል ጽፎ መላክ ይበቃል፤ አይተው ራሳቸው ያርሙታል።

የተጻፈውን ማስቀመጥ

አንድ ገጽ መጻፍ የቻለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ጽሑፉን እንዳያጣ ማወቅ ነው። በኮምፒውተር ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ኮንትሮልን ይዞ «ኤስ»ን መምታት ልማድ ይሁን፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚተርፈው እስከዚያ ድረስ የተቀመጠው ነው። ለፋይሉ ስም ሲሰጥ ርእሱንና ቀኑን አንድ ላይ ማድረግ፣ ለምሳሌ «የአያቶቼ ታሪክ ጥቅምት 5» ብሎ መሰየም፣ ከወራት በኋላ ለመፈለግ ይቀላል። በስልክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቴሌግራም ውስጥ ለራሱ መልእክት የሚያስቀምጥበት ክፍል ስላለ ረጅም ጽሑፉን በየቀኑ ወደዚያ ይላክ፤ ስልኩ ቢጠፋም በሌላ ስልክ በዚያው ቁጥር ሲገባ ጽሑፉን ያገኘዋል። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ሲሞላ በአቅራቢያ ካለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስዶ በ14 ወይም በ16 የፊደል መጠን ማሳተም፣ በወረቀት ላይ በእርጋታ አንብቦ በእስክሪብቶ ማረምና እርማቱን በማግሥቱ ሩብ ሰዓት ተመልሶ ማስገባት ይቻላል።